ጥሩ ቃለ መጠይቅ እንዴት ይዘጋጃል? ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ጥያቄ

እንግዳው ጥሩ ተናጋሪ ነው። ርዕሱም ይስባል። ድምፁም ጥርት ብሎ ተቀርጿል። አድማጩ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትቶት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ጠያቂው ወረቀቱ ላይ ያለችውን ቀጣይ ጥያቄ ሲያይ፣ እንግዳው አሁን የተናገረው ነገር በጆሮው አልፎ ሄዷል።

ዝግጅት ሲባል ብዙ ሰው ጥያቄ መደርደር ይመስለዋል። እኔ ግን የምንዘጋጀው ለማዳመጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በደንብ የተዘጋጀ ሰው «ቀጥሎ ምን ልበል?» ብሎ አይጨነቅም። ስለማይጨነቅ ይሰማል። ሲሰማ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያልነበረችውን፣ ከሁሉም የምትበልጠውን ጥያቄ ያገኛል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ወደዚያ የሚወስዱ ናቸው። ለፖድካስት፣ ለሬዲዮ፣ ለቪዲዮም ሆነ ለጽሑፍ ይሠራሉ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እንግዳችሁ 30 ዓመት በአዋላጅ ነርስነት አገልግለው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሲስተር ናቸው እንበል።

1. ከእንግዳው የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው እንጨዋወታለን» ዓላማ አይሆንም። እንዲህ ብሎ የገባ ጠያቂ ከልደት ይጀምርና ጡረታ ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምጥ ላይ የቆመ ሰው ፍርሃቱን ምን ያደርገዋል?» ብትሉ ግን መንገድ ይዛችኋል። ምን እንደምታነቡ፣ ምን እንደምትጠይቁ፣ ኋላ ኤዲት ላይ የቱን እንደምትቆርጡ ይቺ ዓረፍተ ነገር ትነግራችኋለች።

መፈተኛዋ ቀላል ነው። ከዓረፍተ ነገሯ ውስጥ የእንግዳችሁን ሙያና ታሪክ አውጥታችሁ የሌላ ሰው አስገቡበት። ያው ከሠራ፣ ገና አላገኛችሁትም።

እዚያው ላይ እንግዳው ለምን እንደተጋበዘ ለዩ። አንድን ነገር እንዲያስረዳ የሚጋበዝ ባለሙያ አለ። የደረሰበትን እንዲተርክ የሚጋበዝ ባለታሪክ አለ። ለሠራው ሥራ መልስ እንዲሰጥ የሚጠየቅ ባለሥልጣን አለ። ባለሙያውን «አልገባኝም፣ እንደገና ያስረዱኝ» ማለት ሳያፍሩ ነው። ለባለታሪኩ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ባለሥልጣኑ ዘንድ ደግሞ ሰነድ ይዞ መሄድ ግድ ነው። ባለታሪክን እንደ ባለሥልጣን ማፋጠጥ ነውር ነው። ባለሥልጣንን እንደ ባለታሪክ ማባበልም እንዲሁ።

2. አጥኑ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። እንግዳው የጻፈው ነገር ካለ አንብቡ። ከዚህ በፊት የሰጣቸውን ቃለ መጠይቆች ሁለት ሦስቱን ከዳር እስከ ዳር ስሙ። ስትሰሙ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ በየቦታው በተመሳሳይ ቃል የሚደግመው ታሪክ የቱ ነው? ያ ታሪክ ተሸምድዷል። ብትጠይቁት እንዳለ ይወጣላችኋል፤ አድማጩም ሌላ ቦታ ሰምቶታል። ሁለተኛ፣ ጀምሮ የተወው፣ ጠያቂው ሳይከታተለው ያለፈው ነገር የቱ ነው? የእናንተ ቃለ መጠይቅ መጀመር ያለበት እዚያ ጋ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ቦታ የተናገረው ሌላ ቦታ ከተናገረው ጋር የማይገጥመው የቱ ነው?

ምንም ያልተጻፈለት እንግዳ ቢሆንስ? ሲስተራችን ምናልባት ስማቸው የትም አልወጣ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አብረዋቸው የሠሩ ሰዎችን ማነጋገር ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባ «ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ሲሄዱ ያንጎራጉሩ ነበር» ብትላችሁ፣ ከየትም መዝገብ የማታገኙት ጥያቄ እጃችሁ ገባ። ስለ ሙያውም አንብቡ። አዋላጅ ምን ትሠራለች፣ የትኛው ችግር ሲመጣ ሐኪም ትጠራለች፣ የሥራ ፈረቃው እንዴት ነው? ተራውን ነገር አውቃችሁ ከገባችሁ የእንግዳውን ጊዜ ተራ ነገር በመጠየቅ አታባክኑም። እንግዳውም «ይሄ ሰው ሊሰማኝ ነው የመጣው» ብሎ ቶሎ ይፈታል።

ጥናት ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማየት የዴቪድ ፍሮስትንና የሪቻርድ ኒክሰንን ነገር ማንሳት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዛዊው ፍሮስት ሥልጣን የለቀቁትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለቴሌቪዥን ጠየቃቸው። ቀረጻው 12 ቀን የወሰደ ሲሆን ከ28 ሰዓት በላይ ነበር። ፍሮስት የራሱ የጥናት ቡድን ነበረው። ከቡድኑ አንዱ ኒክሰን ከረዳታቸው ከቻርልስ ኮልሰን ጋር ያደረጉትን ንግግር ግልባጭ ከፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ፈልጎ አገኘ። ብዙ ሰው ስለዚያ ንግግር አያውቅም ነበር። ኒክሰንን ሥልጣን ያስለቀቃቸው የዋተርጌት ቅሌት ሲነሳ ፍሮስት ከዚያ ጽሑፍ እየጠቀሰ ጠየቃቸው። ኒክሰን ይህን አልጠበቁም። ከዚያ በኋላ የጭውውቱ ሚዛን ተለወጠ። ፍሮስት ድምፁን ከፍ ማድረግ አላስፈለገውም፤ ወረቀቱ በቂው ነበር።

ያጠናችሁትን በአንድ ገጽ አጠቃሉት፦ ዋና ዋና ዓመተ ምሕረቶች፣ የሰዎች ስም፣ ቁጥሮች። ከሥሩ «የማውቀው»፣ «የማላውቀው»፣ «የማይገጥመው» ብላችሁ ሦስት ቦታ ክፈሉ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጥያቄ ይወጣል። ከመጀመሪያው የሚወጣው መግቢያችሁ ነው።

3. የመጀመሪያው ስልክ

ከቀረጻው ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ርዕሱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የት እንደሚወጣ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ ይሁን ተቀርጾ ኤዲት የሚደረግ፣ በግልጽ ንገሯቸው። ቪዲዮ ካለም አሁኑኑ ይነገር። በር ላይ ካሜራ አይቶ የደነገጠ እንግዳ ቶሎ አይፈታም። የስማቸውን አጠራርና መጠራት የሚፈልጉበትን ማዕረግም ጠይቁ።

«ጥያቄዎቹን አስቀድመህ ላክልኝ» የሚል እንግዳ ይገጥማችኋል። እኔ ርዕሶቹን እንጂ ጥያቄዎቹን ባትልኩ እመርጣለሁ። ጥያቄውን ያየ ሰው መልሱን ጽፎ ይመጣል። ጽፎ የመጣ ሰው ያነባል፤ ማንበቡ ደግሞ ያስታውቃል። ሁለት ጊዜ ግን ከዚህ እወጣለሁ። ቁጥርና ማስረጃ የሚጠየቅ ባለሙያ አገላብጦ እንዲመጣ የትኛው ቁጥር እንደሚያስፈልግ ይነገረው። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ደግሞ ወዴት እንደምትወስዱት አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው።

ስልኩ ላይ እንግዳው ሞቅ ብሎት ጥሩውን ታሪክ ሊጀምር ይችላል። ቶሎ ግን በፍቅር አቁሙት። «ሲስተር፣ ይቺንማ ለቀረጻው ብናቆያትስ?» በሉ። አንዴ የተነገረ ታሪክ ሲደገም ይደርቃል። «ቅድም እንደነገርኩህ» የሚለውም ሐረግ ይመጣል፤ አድማጩ ደግሞ ቅድም አልነበረም።

የማይነሳ ነገር ካለ የሚነገረውም አሁን ነው። ከቀረጻ ውጭ ይሁን የሚባል ነገር ካለ፣ ከመነገሩ በፊት ሁለታችሁም ተስማሙበት። ከተነገረ በኋላ መደራደር ሁለታችሁንም ያስከፋል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ ሬዲዮ እንግዳ ስትጠይቅ የኖረችው ቴሪ ግሮስ፣ ከቀረጻ በፊት እንግዶቿን ጥያቄዬ በጣም የግል ሆኖ ከተሰማችሁ ንገሩኝ፣ ወደ ሌላ እሄዳለሁ ትላቸዋለች። ይህ የጠያቂዋን እጅ የሚያስር ይመስላል። እኔ እንደሚገባኝ ግን ማለፍ እንደሚችል ያወቀ ሰው ነው የሚደፍረው።

4. ጥያቄዎቹን ጻፉ፣ ከዚያ አብዛኛውን ጣሉ

መጀመሪያ የመጣላችሁን ሁሉ ጻፉ። ሠላሳም አርባም ይሁን። ከዚያ አሥር ወይም አሥራ ሁለት እስኪቀሩ ድረስ ሰርዙ። መጀመሪያ የሚሰረዙት መልሳቸውን የምታውቋቸው ናቸው። ቀጥለው ለማንም ሰው ሊቀርቡ የሚችሉት ይሄዳሉ።

«የሥራዎ ፈተና ምን ነበር?» የሚለውን እንውሰድ። ሲስተሯ ምን ሊሉ ነው? «ፈተናው ብዙ ነው፤ የሰው እጥረት አለ፣ የዕቃ እጥረት አለ፣ ግን ሙያውን እወደዋለሁ።» ውሸት የለበትም። ግን ምንም አይታይም። አሁን እንዲህ አድርጉት፦ «ብቻዎን ያዋለዱበትን የመጀመሪያ ሌሊት እስቲ ይንገሩኝ።» ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ዓይናቸው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከዚያ ክፍሉ፣ ሰዓቱ፣ እናትየዋ ይመጣሉ። ፈተናውም ሳትጠይቁት አብሮ ይመጣል። አንድን ቀን፣ አንድን ሰው፣ አንድን ቦታ የሚጠራ ጥያቄ ትዝታን ይቀሰቅሳል። ጥቅል ጥያቄ ጥቅል መልስ ይዞ ይመለሳል።

«ምን፣ እንዴት፣ ለምን» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ሰውን ያናግራል። «ነው ወይ? አድርገዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ይዘጋል። እንዲህ ሲባል ግን ዝግ ጥያቄ ይጣል ማለት አይደለም። ባለሥልጣን ሲሸሽ ዝግ ጥያቄ ዋነኛ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጄረሚ ፓክስማን በቢቢሲ የእንግሊዝ የቀድሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን አንዲት ጥያቄ ደጋግሞ ደጋግሞ ጠየቃቸው። የእስር ቤቶችን ኃላፊ ውሳኔ እሽራለሁ ብለው ዝተውበት ነበር ወይ? የምትመለሰው በአንድ ቃል ነበር። ሃዋርድ ሌላ ሌላውን ሲያወሩ ጥያቄዋ ሳትለወጥ ስለምትመለስ፣ አድማጩ መልሱ እንዳልተሰጠ በገዛ ጆሮው ሰማ። ክፍት ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ሽሽቱ አይታወቅም ነበር።

የቃል ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከዚያ የመኪኖቹን ፍጥነት እንዲገምቱ ጠየቋቸው። ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲነካኩ» ምን ያህል ይሄዱ ነበር አሏቸው። ለሌሎቹ «ሲላተሙ» አሏቸው። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ገደማ ገመቱ። ሁለተኞቹ 40 ማይል ገደማ አሉ። ፊልሙ ያው ነው። ስለዚህ «ያ ሌሊት እንዴት አስፈሪ ነበር?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ፍርሃቱን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። «ያን ሌሊት ሲያስቡት ምን ይመጣብዎታል?» በሉ። ምናልባት ሳቅ ይመጣ ይሆናል። ምናልባት ቁጣ። ለእሳቸው ተዉት።

ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ አትስፉ። «ሙያውን ለምን መረጡ፣ ቤተሰብስ ምን አለ፣ ደግሞስ ባይሆኑ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?» ሲባል እንግዳው የቀለለችውን መርጦ ይመልሳል። የቀሩት ይረሳሉ። ከጥያቄ በፊት የሚመጣ ረጅም ንግግርም እንዲሁ ነው። ዕውቀታችሁን ለማሳየት ሦስት ደቂቃ አትውሰዱ። አጥንታችሁ መምጣታችሁ ከጥያቄው ስለታም መሆን ይታወቃል።

ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ትንፋሽ የማይበቃት ጥያቄ ረዝማለች። የምትጽፉት ለአፍ ነውና፣ በአፍ የማትሉትን ቃል አውጡት። «ከሙያዊ ተሞክሮዎ አንጻር ያጋጠሙዎትን ተግዳሮቶች ቢያብራሩልን» ከማለት «መቼ ነው ልተወው ያሉት?» ማለት ይሻላል።

5. ቅደም ተከተል

ለ45 ደቂቃ ጭውውት ይህን ያህል ጊዜ ይያዝ፦ ለመግቢያና ለማሟሟቂያ 7 ደቂቃ፣ ለታሪኩ ወይም ለዋናው ማብራሪያ 15፣ ለከባዱ ክፍል 15፣ ለመውጫ 8። ደቂቃው ሊዛነፍ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ግን ምክንያት አለው።

«እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁልን» ብሎ መጀመርን አልወደውም። ትሑት ሰው ራሱን ያሳንሳል። ሌላው የሥራ ማመልከቻውን ያነባል። እንግዳውን ማስተዋወቅ የጠያቂው ሥራ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማን እንደሆኑና አድማጩ ለምን ሊሰማቸው እንደሚገባ ይናገር። ከዚያ ለመመለስ ቀላል የሆነ፣ ግን አድማጩን ወዲያው ወደ ውስጥ የሚያስገባ ጥያቄ አስከትሉ። ለሲስተራችን «ማዋለጃ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ምንድን ነው የሚያዩት?» ይሆናል። ይህ በሙያቸው ነው፤ አይቸገሩም። እኛ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ነን።

ከባዱን ጥያቄ በመጀመሪያ መወርወር ደፋር ያስመስላል። ፍሮስት ራሱ ኒክሰንን የጀመራቸው፣ ቢሯቸው ውስጥ ያደረጉት ንግግር የተቀረጸባቸውን ክሮች ለምን አላቃጠሏቸውም ብሎ ነበር። ኒክሰን ረጅም ማብራሪያ ሰጥተው አለፉት። ያልሞቀ እንግዳ ይከላከላል። በጣም ዘግይቶ መጠየቅም ጣጣ አለው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የመጣ ከባድ ጥያቄ ለተከታይ ጥያቄ ቦታ አይተውም። ስለዚህ ከግማሽ ትንሽ ካለፈ በኋላ አስቀምጡት። መጀመሪያ የሆነውን አስተርኩ፣ ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። «አንዲት እናትን ስላጡባት ሌሊት» ከመጠየቃችሁ በፊት ሲስተሯ ሌሊቶቹ ምን እንደሚመስሉ አሳይተውን መሆን አለበት።

ከከባዱ ቀጥሎ ወዲያው «እናመሰግናለን» አይባልም። እንግዳውን ወደ ዛሬ መልሱት። ዛሬ ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ፣ ከሙያው ምን እንደሚናፍቃቸው ጠይቁ።

ይዛችሁ የምትገቡት ወረቀት አንድ ገጽ ይሁን። ጽሑፉ ትልልቅ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው ለሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ለመክፈቻው፣ ለከባዱና ለመዝጊያው። የቀሩት በአንድ በሁለት ቃል ይያዙ። «የመጀመሪያ ሌሊት»፣ «እንጉርጉሮ»፣ «ልተወው ያሉበት ቀን»። ሙሉ ጥያቄ ከተጻፈ ዓይን ወደ ወረቀት ይወርዳል። የግድ መጠየቅ ያለባቸውን ሦስቱን አስምሩባቸው። ሰዓት ቢያጥር እነሱ ይድናሉ።

6. ቦታውና ድምፁ

ምንጣፍ፣ መጋረጃና ሶፋ ያለበት ክፍል ከባዶ አዳራሽ ይሻላል፤ አያስተጋባም። ማቀዝቀዣና አየር ማራገቢያ ይጥፋ። ስልኮች አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁኑ። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታውም ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። የድምፁ ከፍታ በመለኪያው ላይ ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢውል እንግዳው ድንገት ቢስቅም አይሰነጠቅም። ማዳመጫ አድርጉ። ሁለተኛ መቅረጫ አስነሱ፤ ስልክም ቢሆን ይሠራል። በርቀት ከሆነ ሁለታችሁም በየራሳችሁ በኩል ቅረጹና ኋላ አገጣጥሙት። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የሚጠፋው ቃል ተመልሶ አይገኝም።

በሰፊ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አትፋጠጡ። ጥግ ለጥግ መቀመጥ ያቀራርባል። ውሃ ይቅረብ። ድምፅ ስትሞክሩ ቁጥር አታስቆጥሩ። ዛሬ ጠዋት ምን እንዳደረጉ ጠይቋቸው፤ ማይኩም ይለካል፣ እንግዳውም ማውራት ይለምዳል።

7. ጭውውቱ ላይ

አሁን ወረቀቱን ትታችሁ ስሙ። ይህን ተመልከቱ።

— ብቻዎን ያዋለዱበት የመጀመሪያ ሌሊት ትዝ ይልዎታል?
— እንዴት አይለኝ! መብራት ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙም የለም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብቻ እንደምንም ተወጣሁት።
— በጣም ደስ ይላል። ወደ ቀጣዩ ስንሄድ፣ ሙያው ባለፉት ዓመታት ምን ለውጥ አሳየ?

ሲስተሯ በር ከፍተው ነበር። ጠያቂው ዘግቶት ሄደ። «እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» ያለ ሰው እንዲጠየቅ ይጠብቃል። «እናትየዋ እጅዎን አይታ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ወደዚያ ክፍል ይገባል። ጥያቄዋ ወረቀት ላይ ልትኖር አትችልም። መልሱ ውስጥ ነው ያለችው።

ተከታይ ጥያቄ ረቂቅ መሆን አይጠበቅበትም። «ከዚያስ?»፣ «ለምሳሌ?»፣ «እንዴት አወቁ?» የሚሉት ሦስቱ ብቻ ሩቅ ያስኬዳሉ። እንግዳው «እንደምንም»፣ «ያው ታውቃለህ»፣ «ብዙ ነገር ሆነ» ሲል ጆሯችሁን አቁሙ። እነዚህ ቃላት ሥር የተሸፈነ ነገር አለ። «እንደምንም ሲሉ እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ዝምታን ተለማመዱት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በጭውውት መካከል አንዱ ሲጨርስ ሌላው እስኪቀጥል ያለው ክፍተት በአማካይ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ዓመት ይመስላል። ቢሆንም ቁጭ በሉበት። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በክፍል ውስጥ ባደረገችው ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ምንም ሳይመልሱ የሚቀሩትም ቀነሱ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ሮበርት ካሮ ሰው ሲያነጋግር «ዝም በል» የሚል ምልክት ለራሱ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። እንግዳው መልሱን የጨረሰ መስሎ ሲያቆም፣ ዓይኑን እያያችሁ ሦስት ሰከንድ ቆዩ። ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ ያን ጊዜ ይመጣል። በቀረጻ ላይ ደግሞ «እሺ፣ እህ፣ አዎ» እያላችሁ በእንግዳው ድምፅ ላይ አትደርቡ። ራስ መነቅነቅ ይበቃል።

የማያቆም እንግዳ ሲገጥማችሁ በስሙ ጥሩት። ሰው ስሙን ሲሰማ ይቆማል። ያለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠቃልላችሁ የራሳችሁን ጥያቄ አስከትሉ። አጭር መልስ የሚሰጥ እንግዳ ሲሆን ደግሞ አስተያየት አትጠይቁት። የሚያየውን፣ የሚነካውን፣ በቅደም ተከተል የሠራውን ጠይቁት። የድሮ ፎቶ ይዘው እንዲመጡ መጠየቅም ይረዳል። የሚሸሽ ከሆነ «ይህን ገልጸውልኛል፣ የጠየቅኩዎት ግን ይሄንን ነበር» ብላችሁ ጥያቄዋን በዚያው ቃል መልሷት። ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።

እንግዳ ሊያለቅስ ይችላል። አትቸኩሉ፣ ይጽናኑ ብላችሁም አትጫኑት። ጠብቁ። ከዚያ «እንረፍ ወይስ እንቀጥል?» ብላችሁ ውሳኔውን ለእንግዳው ስጡ። አጥፉልኝ ካሉ ይጠፋል። እንባውን ለማስታወቂያ ክሊፕ ቆርጦ መለጠፍ የእንግዳውን እምነት መብላት ነው። ይህን የምለው ጠንከር አድርጌ ነው።

8. መጨረሻውና ከዚያ በኋላ

ከመዝጊያው በፊት «መጠየቅ ሲገባኝ ያልጠየቅኩዎት ነገር አለ?» በሉ። ከዚያ የጻፋችሁትን የመዝጊያ ጥያቄ አስከትሉ። «ለአድማጮቻችን መልእክት ካለዎት» የሚለው ግን ስብከት ይጠራል። ሲስተሯን «ነገ ሥራ ለምትጀምር አዋላጅ ለመጀመሪያው ሌሊት ኪሷ ውስጥ ምን ይጨምሩላታል?» ብትሏቸው መልእክቱ ራሱ በተጨባጭ ነገር ይመጣል።

ምስጋና ከቀረበ በኋላ መቅረጫውን ወዲያው አታጥፉ፤ እንደበራ መሆኑን ግን ንገሯቸው። ሰው አለቀ ሲባል ይዝናናል፣ ጥሩ ነገርም ይናገራል። ከዚያ 30 ሰከንድ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ። ኤዲት ላይ ቁራጮቹን ለማጋጠም ያስፈልጋል። ስሞችን፣ ዓመተ ምሕረቶችንና ቁጥሮችን አረጋግጡ። ፋይሉን እዚያው ሁለት ቦታ ቅዱ።

ኤዲት ስታደርጉ መድገምንና መንተባተብን መቁረጥ ይቻላል። ለአንዱ ጥያቄ የተሰጠን መልስ ከሌላ ጥያቄ ሥር ማስቀመጥ ግን ማጭበርበር ነው። ሲወጣ ለእንግዳው ራሳችሁ ላኩላቸው። ከሌላ ሰው መስማት የለባቸውም።

አንድ ልምምድ ልጨምር። ቀረጻውን አዳምጡና የራሳችሁን ጥያቄዎች ብቻ በወረቀት ገልብጡ። ከእያንዳንዷ ጎን ጥያቄዋ ከወረቀታችሁ የመጣች ናት ወይስ እንግዳው ከተናገረው የተነሳች፣ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። የወረቀቶቹ ከበዙ፣ ለቀጣዩ እንግዳ የምትይዙትን የጥያቄ ቁጥር በግማሽ ቀንሱና የጥናት ጊዜውን ጨምሩ።